የጀጎል ጓዳ ሳምንት

ሐረር ውስጥ የሳምንቱ የቤት ምግብ ዕቅድ ከውኃ ይጀምራል። ቧንቧ በፈረቃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ተራው የመጣ ዕለት የቤቱ ሰው ሁሉ የሚነሣው በጨለማ ነው። መጀመሪያ ከቧንቧው አየር ብቻ ይወጣል፤ ቀጥሎ ደፍረስ ያለ ውኃ፤ ከዚያ ጠራ ያለው። ቢጫ ጀሪካኖች በደጃፉ ይደረደራሉ፣ በርሜሉ ተፈግፍጎ ይሞላል፣ ሮቶ ያለው ሮቶውን ይሞላል። እናትየዋ ውኃው ከመሄዱ በፊት ምን ምን መታጠብ እንዳለበት በልቧ ይዛለች። ምስሩ ተለቅሞ ይታጠባል፣ ጎመኑና ቆስጣው በሁለት በሦስት ውኃ ይለቀለቃል፣ የእንጀራው ሊጥ ይቦካል። ብዙ ማጠብና ብዙ መቀቀል የሚፈልገው ወጥ ሁሉ ለዚያ ዕለትና ለማግስቱ ይመደባል። በርሜሉ ወደ ታች ሲወርድ ተራው የሽሮ ነው። ሽሮ አንድ ድስትና ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፤ የሚታጠበውም ዕቃ ትንሽ ነው።

ከተማዋ ለረጅም ዘመን የምትጠጣው በስተ ምዕራብ ካለው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁን በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት እርሻ በፓምፕ ሳበው፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበ አፈር ሞላው፣ ከተሞቹም ጠጡት፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ በደረቀበት ዘመን ለሐረር መፍትሔ ተብሎ የተዘረጋው መስመር ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች የሚነሣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ። ያን ሁሉ ሽቅብ ውኃውን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ስለዚህ የሐረር የቤት እመቤት ማክሰኞ ምን እንደምትሠራ ስትወስን የምታስበው ስለ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ አይደለም፤ ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው የውኃ ጉድጓድና የመብራቱ ጠባይም ከሒሳቧ ውስጥ ናቸው።

የሳምንት ምግብ አስቀድሞ ማቀድ በከተማ ሰው ዘንድ እንደ አዲስ ነገር ሲወራ እሰማለሁ። ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፣ ሰኞ ይህ፣ ማክሰኞ ያ ይባላል። መልካም ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ሐረርን የሚያውቅ ሰው የዚህች ከተማ ጓዳ ከየትኛውም ሠንጠረዥ የጠለቀ ዕቅድ ይዞ እንደኖረ ያውቃል። ዕቅዱ በውኃ፣ በሊጥ፣ በጾም፣ በገበያ፣ በለቅሶና በሠርግ የተያያዘ ነው። የጎደለው ሌላ ነው። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ መኖሩ አንድ ጉድለት ነው፤ በዙሪያዋ የተትረፈረፈው አትክልትና ፍራፍሬ ወደ ልጆቿ ሳህን በበቂ አለመድረሱ ሌላው።

ከሊጡ እንጀምር፤ የሳምንቱ አከርካሪ እሱ ነውና። በብዙ የሐረርጌ ቤት ዱቄቱ ጤፍ ብቻ አይደለም። ምድሩ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላና ጤፍ እየተቀላቀለ ይቦካል፤ ጤፍ ሲወደድ የማሽላው ድርሻ ከፍ ይላል። ዱቄቱ ከእርሾ ጋር ተለውሶ ቡሆ ዕቃው ውስጥ ይከደናል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ያርፋል። በላዩ የሚያቀርረው ቢጫ ውኃ ይቀዳል፤ ከእሱ ጥቂቱ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ሆኖ ይቀመጣል። በጋገራው ዕለት ጠዋት ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ እየተማሰለ አብሲት ይጣላል፤ አብሲቱ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለስና ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ኩፍ ያለ ሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ያኔ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል፤ ዓይኑም ይጠፋል።

አሁን ከዚህ ላይ መብራቱን አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚጠጣ ዕቃ ነው፤ ማታ ሰው ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል፣ ምጣዱ አይግልም። ስለዚህ ብዙዋ ጋጋሪ ወይ ከንጋት በፊት ትጋግራለች፣ ወይ ሰው ሥራ በሄደበት ረፋድ ላይ። መብራቱ ድንገት ከጠፋ የእንጨት ምጣዱ ከጥግ ይወጣል፤ ከከተማዋ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች እንጨት ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ደንበኛ የማያጡት ለዚህም ጭምር ነው። እንጀራው በመሶብ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ይሻግታል። በሳምንት ሁለት ጋገራ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሁለቱ የጋገራ ቀናት ከታወቁ ደግሞ የሌሎቹ ቀናት ምግብ ራሱ ይደለደላል። በጋገራው ዕለት ትኩስ እንጀራ በቀላል ወጥ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍርፍር፤ የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ። ብልህ የሆነች ባለቤት ሊጡን የምታቦካው ከጾሙ ቀን፣ ከውኃው ተራና ከገበያው ቀን ጋር አስታርቃ ነው። ይህ ሒሳብ በየትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም፤ እኔ ግን ከከባዶቹ የቤት ሒሳቦች አንዱ እንደሆነ አምናለሁ።

በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል ራሱ አስቀድሞ የማሰብን ልማድ አስተምሯል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ሲሆኑ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረር በር የሚባለው ስድስተኛው የኋላ ሥራ ነው። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር፤ ገበሬው ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ይወጣል፣ ከተሜው ከውስጥ ይቀራል። ማታ የጎደለ ነገር እስከ ንጋት እንደጎደለ ያድራል። ለዚህ ይመስለኛል የሐረሪው ቤት ሲሠራ ጀምሮ ስንቅ አስቦ የተሠራው። ከእንግዳ መቀበያው ከፍ ዝቅ ካሉት መደቦች ወዲያ ዕቃና ምግብ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለ፤ ማዕድ ቤቱ ደግሞ ከመኖሪያው ተለይቶ በግቢው በኩል ነው። ግድግዳውን የሸፈኑት ስፌቶች፣ የሐረሪ ሴቶች እጅ ሥራ፣ ዛሬ ጎብኚ በካሜራ የሚያነሣቸው ጌጦች ናቸው፤ በግብዣ ቀን ወርደው ማዕድ ያቀርባሉ።

ወደ ጾሙ እንለፍ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ በሐረሪ ክልል 183,415 ሰው አገኘ። ከመቶ 69 ያህሉ ሙስሊም፣ 27 ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበር። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው በአንድ መንደር ይኖራል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሳምንቱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቤት ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይነካም። በጎኑ ባለው ቤት ዓርብ የጁምዓ ቀን ነው። ከስግደት መልስ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሩዙም ሥጋውም የሚወጣው ያን ዕለት ነው። ሰኞና ሐሙስን ሱና ብሎ የሚጾም ሙስሊም ደግሞ የእነዚያን ቀናት ምሳ ወደ ማታ ያዛውረዋል። ሐሙስ ማታ ዚክሪ፣ ማለትም የአላህ ስም የሚወሳበት ሥርዓት፣ ያለበት ቤት ሐሸራውን፣ ማለትም የቡና ገለባ የሚፈላበትን መጠጥ፣ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ለውጭ ሰው ይህ የሚያጋጭ ይመስላል። በተግባር የሐረር ጎረቤቶች መውጫውን ካገኙት ቆይተዋል። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ በሠርግና በተዝካር ድስቱና አራጁ ይለያል። የጾም ምግብ ላይ ግን ይህ አጥር የለም። የረቡዕ ሽሮ፣ የዓርብ ምስር፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ለሁሉም ይሆናል። ስለዚህ በብዙ ግቢ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳይጠነቀቅ ማዕድ ላይ የሚጠራበት ቀን የጾም ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በአምስት ቀን ተከተለው። ያን ሰሞን በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ከሥጋና ከቅቤ ርቆ፣ ሌላው ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከምግብና ከውኃ ርቆ፣ ሁለቱም የማታውን ማዕድ በአንድ ሰዓት ያሰናዱ ነበር። የምስር ሳምቡሳ ከአንደኛው ቤት ወደ ሌላኛው ያለ ጥያቄ ያልፋል።

ረመዳን ሲመጣ ዕቅዱ ከሳምንት ወደ ወር ይሰፋል። ምስሩና ሥጋው፣ የሳምቡሳው ሊጥ፣ ሹርባው፣ ቴምሩ ቀድሞ ይታሰባል። ወሩ ካለፈ በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀናት የሚጾሙ ሰዎች ያሉበት ቤት እንደገና ሌላ ሳምንት ያቅዳል፤ የዚያ ማብቂያ የሆነው የሹዋሊድ በዓል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሹራ ደግሞ ገንፎ ይገነፋል፤ በዚያ ሌሊት ለጅቡም ገንፎ ይቀርብለታል። ጅብ የሐረር የምግብ ሥርዓት አካል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በግንቡ ሥር በተተወለት ቀዳዳ በሌሊት ገብቶ አጥንቱንና ትርፍራፊውን ለቅሞ ይወጣል። ከቤት የሚወጣ አጥንት የት እንደሚጣል ሳይቀር በዚህ ከተማ ቦታ አለው።

ገበያው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል፤ መስፋትም አለበት። ጠዋት ሸዋ በር ላይ የቆመ ሰው የሐሮማያን ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ክምር በክምር ያገኛል። ያ አካባቢ ከሐረርና ከድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲንና ሶማሌላንድን በአትክልት የሚቀልብ ነው። ከቆላው ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ጊሽጣ ይመጣል። ከባቢሌ በኩል ለውዙ አለ፤ የባቢሌ ለውዝ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስኳር ድንች ከሐረርጌ ገበሬ ማሳ አይጠፋም። የግመል ወተት የሚሸጡት የሶማሌ ሴቶች በጢስ የታጠነ ዕቃ ይዘው ይቀመጣሉ፤ የግመል ወተት ሙቀት ባለበት አገር ከላም ወተት ይልቅ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ፍሪጅ ለሌለው ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከምሥራቅ ጠረፍ በኩል ሩዙ፣ ፓስታው፣ ቴምሩና የዱቄት ወተቱ ይገባል። ዋጋ በኦሮምኛ ይጠየቃል፣ በአማርኛ ይከራከሩበታል፣ በሐረሪ ይመርቁበታል። ወደ ውስጥ ገብቶ ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ የቆመ ሰው ደግሞ ወደ ሰማይ ማየት አለበት፤ ጭላቶቹ ከእጅ ላይ ሥጋ ነጥቀው ይሄዳሉ። ሥጋውን በፌስታል ሸፍኖ ፈጠን ብሎ መውጣት የከተማው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ሥጋ የሚገዛው ለዕለቱ ነው፤ ፍሪጅ ያለውም ቢሆን ከመብራቱ ጋር ስለሚጣላ ብዙ አያከማችም። ለሚቆየው መላ አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቋንጣ ይሰቅላል። ሶማሌው ሥጋውን አድቅቆ ከትፎ ከጠበሰ በኋላ በቅቤ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ ይህ ሙቅመድ የተባለው ስንቅ ወራት ይሻገራል። አንዲት እናት ድንገት እንግዳ ሲመጣባት ወደ ሥጋ ተራ ሳትሮጥ ከጓዳዋ የምታወጣው ይህንኑ ነው።

በሐረር ጓዳ አስቀድሞ ሳይታሰብ ሊሠራ የማይችል አንድ ምግብ ብጠየቅ ሁልበት መረቅን እጠራለሁ። የአብሹ ዱቄት ማታውኑ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ሲያድር ያብጣል፤ ላዩ ላይ የሚያርፈው መራራ ውኃ ይደፋል፤ አዲስ ውኃ ይጨመርበትና እንደገና ይደፋል። ከዚያ በእጅ መምታት ነው። ቡኒው ነገር ቀስ በቀስ እየነጣ፣ እየቀለለ፣ አረፋ እየሆነ ይመጣል፤ ክንድ ሲደክም ሌላ ሰው ይቀበላል። ለብቻው በተሠራው ቅመም የበዛበት የሥጋ መረቅ ላይ ሲወርድ ማዕዱን የሚያውደው ጠረን ይነሣል። በዚህ ምግብ ውስጥ ማቀድ ማለት ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነገ ሁልበት የሚበላ ቤት ውሳኔውን ዛሬ ማታ ወስኗል። የሐረሪ ሰው በብዛት በሚኖርባት በቶሮንቶ ሳይቀር እናቶች ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉት ይህን መንከርና መምታት ነው።

ወደ ዕለቱ ምሳና እራት ስንመጣ አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። ጫት። ከሐረር ወጣ ብላ ያለችው አወዳይ በአገሪቱ ካሉት የጫት ገበያዎች ቀዳሚዋ ናት፤ ከቀትር በኋላ ያለው የበርጫ፣ ማለትም የመቃሚያ፣ ሰዓት በብዙ ቤት ሥርዓት ያለው ሰዓት ነው። ምሳ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት፤ ከበድ ማለትም አለበት፤ በባዶ ሆድ መቃም አይመከርምና። ስለዚህ የቀኑ ዋና ድስት የሚጣደው ረፋድ ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሲቅም የዋለ አባት እራት አያሰኘውም። አባት ካላሰኘው ደግሞ በብዙ ቤት የእራት ድስት አይጣድም፤ ልጆቹ የምሳውን ትራፊ ወይም ሻይ በዳቦ በልተው ይተኛሉ። የልጅ ሆድ የአባቱን ምርቃና ተከትሎ መክፈትና መዝጋት የለበትም። የዕለቱ ጫት የሚገዛበት ገንዘብ ከዕንቁላሉና ከወተቱ ቀድሞ ከኪስ የሚወጣ ከሆነም ዕቅዱ የፈረሰው ገና ሳይጀመር ነው። ይህን የምለው ባህሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ የልጆቹ እራት በሳምንቱ ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ ይኑረው ነው የምለው።

ጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ለአገሪቱ ሕዝብ የአመጋገብ መመሪያ አውጥተዋል። ዋና መልእክቱ ማዕዱ ይለያይ ነው። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ ለውዝና የቅባት እህሉ፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ የእንስሳት ተዋጽኦው በየቀኑ ይዳረስ፤ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ይቀነስ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ማስቀረት ነው። ከዚህ አንጻር የሐረር ማዕድ ብዙ የሚያኮራ ነገር አለው። የቦካ እንጀራ በእህሉ ውስጥ ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል፤ የተነከረ ጥራጥሬም እንዲሁ። በረቡዕና በዓርብ ጾም ሰበብ ጥራጥሬ ከማዕዱ አይጠፋም። የጎደለው በቀለም በኩል ነው። ካሮቱ ከሐሮማያ ተነሥቶ ባሕር ድረስ ሲሄድ ገበያው አጠገብ ያለው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ካሮት ሳያይ ሊውል ይችላል። ፓፓያና ማንጎ እንደ መክሰስ እንጂ እንደ ምግብ አይቆጠሩም። ጎመን ይቀቀላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ለጾም ቀን ብቻ ይተዋል። ብርቱካናማው ስኳር ድንች፣ ካሮቱና ማንጎው በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ ናቸው፤ ከጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጋር ሲበሉ ደግሞ ሰውነት ይበልጥ ይቀበላቸዋል።

ሻይና ቡናውንም ከዚህ ጋር ላንሣ። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ከጥራጥሬውና ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይሻማል። ቡናው ይቅር አልልም፤ በቡናዋ ስሟ በዓለም በሚጠራ ከተማ እንዲህ የሚል ሰው አድማጭ አያገኝም። አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ይበል ነው። ለነፍሰ ጡርና ለልጅ ይህች አንድ ሰዓት ዋጋ አላት። ሎሚ ወይም ዘይቱን ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ያግዛል፤ ከምስሩ በኋላ አንዲት ዘይቱን ለልጅ መስጠት ከገንዘብ አንጻር የሚከብድ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሳምንት ምን ሊመስል ይችላል? ለምሳሌ አንድ የክርስቲያን ቤት ልውሰድ፤ የሙስሊሙ ቤት ቀናቱን እንደ ራሱ ያዛውራቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሸዋ በር ይወጣል፤ ሽንኩርቱ በኪሎ ለሳምንቱ፣ ድንቹና ካሮቱ ለሳምንቱ፣ ቅጠላቅጠሉ ለሦስት ቀን ብቻ ይገዛል። ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርቱ ተከትፎ በአንድ ትልቅ ድስት ይቁላላል፤ ግማሹ በርበሬ ገብቶበት ቀይ ቁሌት፣ ግማሹ አልጫ ይሆናል። ይህ ቁሌት ቀዝቅዞ በንጹሕ ዕቃ ከተከደነና ፍሪጅ ካለ እስከ ረቡዕ ያስኬዳል፤ ፍሪጅ የሌለው ደግሞ የሁለት ቀኑን ብቻ ያዘጋጅ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሥጋው ይሠራል። ሰኞ ከቀዩ ቁሌት ምስር፣ ከጎኑ ካሮትና ጥቅል ጎመን። ማክሰኞ ዕንቁላል ወይም ዓይብ በጎመን፤ ማታውኑ ለረቡዕ ሽምብራው ይነከራል። ረቡዕ ሽምብራ ወይም ሽሮ፣ ድንች በአልጫ፣ ለልጆቹ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ለውዝ። ሐሙስ ከሳምንቱ ሁለት ጋገራዎች የአንደኛው ቀን ነው፤ በጋገራ ቀን ከባድ ወጥ ማሰብ ሰውን መግደል ነው፤ ትኩስ እንጀራ በቲማቲም ቁርጥና በአዋዜ በቂ ነው። ዓርብ ፍርፍሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፉ። በመካከሉ አንድ ቀን ጠዋት ፈጢራ በማር ወይም ፉል ይግባበት፤ ሐረር ላይ ኖሮ ቁርስ በዳቦ ብቻ መወሰን ያሳዝናል። ቁርስ ላይ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ተፈልቶ በወተት የሚጠጣው፣ ካለ ደግሞ ማዕዱ የአገሩ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሳለ አንድ ማለዳ በሰፈሩ ለቅሶ ይሰማል። ያን ጊዜ የቤቱ ዕቅድ ይታጠፋል። ሐረሪዎቹ አፎቻ አላቸው፤ ለሴቱም ለወንዱም በየራሱ የተቋቋመ፣ ሠርግና ሐዘንን በጋራ የሚወጡበት ማኅበር ነው። ክርስቲያኑ ዕድሩ አለው። ሐዘን ላይ ያለው ቤት እሳት እንዳያነድ ምግብ ከየቤቱ ተሠርቶ ይሄዳል። ለራስ ቤት የተጋገረው እንጀራ ግማሹ በመሶብ ተደርጎ ይወጣል፤ ለነገ የተነከረው ሽምብራ የሐዘንተኛ ቤት ወጥ ይሆናል። ስለዚህ በሐረር ጥሩ ዕቅድ ማለት ከራስ ቤት ፍላጎት ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ሁለት ኪሎ ሽሮ ሁልጊዜ ትርፍ፣ አንድ ሰፌድ ድርቆሽ ሁልጊዜ የተቀመጠ። ይህን ትርፍ ብክነት ብሎ የሚቆርጥ የዕቅድ ሠንጠረዥ ለዚህ ከተማ አይሆንም።

አሁን እስኪ የቆጠርነውን እንመልከት። የውኃው ተራ፣ የመብራቱ ሰዓት፣ የሊጡ ቀን፣ የሁለት ሃይማኖት ጾም፣ የገበያው ዋጋ፣ የበርጫው ሰዓት፣ የልጁ እራት፣ የጎረቤቱ ሐዘን። ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚያሰላው በአብዛኛው ቤት አንድ ሰው ነው፤ እሷም ከቢሮ ወይም ከገበያ የምትመለስ፣ ማታ ደክሟት የምትተኛ ሴት ናት። ብትታመም ቤቱ ምን እንደሚበላ የሚያውቅ የለም። የሳምንት ምግብ በወረቀት ይጻፍ ስል ምክንያቴ ይህ ነው። ሴቲቱ ዕቅድ ስለማታውቅ አይደለም፤ የምታውቀውን ሌላው እንዲያይላት፣ አይቶም እንዲሸከምላት ነው። ወረቀቱ ማዕድ ቤት በር ላይ ከተለጠፈ ልጁ ማክሰኞ ማታ ሽምብራ መንከር እንዳለበት ያነባል፤ አባት ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው ምን ሊገዛ እንደሆነ አውቆ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ አባወራዎች፣ ጎልማሳ ልጆች፣ በአንድ ጣራ ሥር የምትኖሩ ወንድሞች፣ በዚህ ሳምንት ዓርብ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከቤቱ እመቤት ጎን ተቀመጡ። እሷ በቃሏ የያዘችውን ትንገራችሁ፤ እናንተ ጻፉ። ከተጻፈው ውስጥ ጀሪካኑን፣ የቅዳሜውን ገበያና ቢያንስ የአንድ ቀን ድስት በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ቀኑ ሲደርስም ሳትጠሩ ተነሡ።